በወሎ ዳገትና ቁልቁለት መኪና ሲበላሽ፦ ከአቋቋም እስከ መጎተት

በከሚሴና በሐርቡ አድርጎ ኮምቦልቻ የገባ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴን ያለፈ፣ ከሐይቅ በውጫሌና በመርሳ ወደ ወልድያ የወረደ ወይም ከወልድያ በድልብ ወደ ጋሸና ያቀና ሹፌር መንገዱን ያውቀዋል። በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ትከሻው ጠባብ ነው፤ በአንድ ጎን ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው። እዚህ መኪና ሲበላሽ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኮፈን ነው። ኮፈኑ ይቆይ። ከቆመ መኪና አጠገብ ሰውን ለከፋ አደጋ የሚዳርገው በአብዛኛው ሌላ መጪ መኪና ነው። ስለዚህ መኪናው የት እንደቆመና መጪው ሹፌር ከስንት ሜትር እንደሚያየው ሳይስተካከል ቁልፍና መፍቻ አይነሳም። የሚከተለው ለቤት መኪና፣ ለሚኒባስና ለአይሱዙ ይሆናል።

ገና እየተንከባለለ ሳለ

ሞተሩ በጉዞ ላይ ከጠፋ ቁልፉን አይንቀሉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ቁልፉ ባለበት ከቆየ መሪው ይከብዳል እንጂ ይታዘዛል። የፍሬን ፔዳሉም ይደርቃል፣ ምክንያቱም ከሞተሩ ያገኝ የነበረው እርዳታ ቀርቷል። የተረፈችው እርዳታ ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ብቻ ትበቃለች። ስለዚህ ደጋግመው አይርገጡ፤ አንዴ ረግጠው፣ ሳይለቁ፣ እየጫኑ ይቁሙ።

ፔዳሉ ሳይደርቅ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከገባ ግን ብልሽቱም መፍትሔውም ሌላ ነው። የፍሬን ዘይቱ ፈስሷል ወይም በሙቀት ፈልቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ይምቱት። ማርሹን በየደረጃው ይቀንሱ። የእጅ ፍሬኑን ደግሞ መልቀቂያውን እንደተጫኑ ቀስ በቀስ ይሳቡት፤ በአንድ ጊዜ ከሳቡት የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ ካልያዘው መኪናውን ወደ ተራራው ጎን አስጠግተው በውሃ ቦዩና በአፈሩ ያሻሹት። ቦዲ ይጠገናል።

ጎማ ፈንድቶ ወይም ሞተር ሞቆ መኪናው ገና መሄድ የሚችል ከሆነ ኩርባው ላይ አይቁሙ። በባዶ ጎማም ቢሆን በአንደኛ ማርሽ እየተሳቡ ከኩርባው ይውጡ። ጎማውና ቸርኬው ይበላሻል፤ ይበላሽ። ከሁለቱም አቅጣጫ ቢያንስ 100 ሜትር የሚታይ ቀጥ ያለ ቦታ፣ ወይም ጠጠር የተደፋበት ሰፋ ያለ ዳር ይፈልጉ።

አቋቋም

1. የቀኝ ጎማዎቹ ከአስፋልቱ እስኪወጡ ድረስ ዳር ይያዙ። በክረምት ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሊከዳ ስለሚችል በገደል በኩል ጫፉ ድረስ አይጠጉ።

2. መሪውን ወደ ተራራው ጎን ያዙሩ። አፍንጫው ወደ ዳገትም ይሁን ወደ ቁልቁለት ደንቡ አንድ ነው፤ መኪናው ቢያመልጥ ወደፊትም ሆነ ወደኋላ ሲንከባለል ከገደሉ ይሸሻል።

3. የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ሞተሩን አጥፍተው፣ አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ ያድርጉት።

4. ጎማውን የሚያግድ ታኮ ይጣል። ከቁልቁለቱ በኩል፣ ቢያንስ ሁለት ጎማዎች ላይ። የእንጨት ታኮ ከሌለ ማዕዘን ያለው ድንጋይ ይፈለግ፤ ክብ ድንጋይ ጎማው ሲጫነው ይንከባለላል። ቁመቱም ከጎማው ቁመት ሩብ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ታኮ የሚጥለው ሰው ከጎን ይቁም። መኪናው ገና እየሸሸ ረዳት ከኋላው ገብቶ ድንጋይ እንዲጥል ማዘዝ ሰው የሚያስገድል ልማድ ነውና ጨርሶ መቅረት አለበት።

ሰው ማውረድ

ተሳፋሪ በቀኝ በር ይውረድ። ቀኙ ገደል ከሆነ ሹፌሩ ቀድሞ ወርዶ መርገጫውን ይይ፤ በጉምና በጨለማ ሣር የሸፈነው ጠርዝ መሬት ይመስላል። የወረደው ሰው ከመኪናው ፊት አይቁም፣ ምክንያቱም ከኋላ ቢገጭ የሚገፋው ወደፊት ነው። ከመኪናው ወደኋላ ፈንጠር ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ከተቻለ ከብረት መከላከያው ጀርባ ይቁም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ከተቆረጠ የተራራ ግድግዳ ሥር መጠለል ደግሞ ናዳ መጠበቅ ነው።

የወሎ ሰው የተቸገረ መንገደኛ አይቶ አያልፍም። ጥቂት ሳይቆይ «አብሽሩ» እያለ የሚመጣ ይበዛል፤ ልጆችም ይከባሉ። ለትልልቆቹ ሥራ ይስጡ፦ አንዱ ከላይ ኩርባ፣ አንዱ ከታች ኩርባ ቆሞ በጨርቅ ምልክት ይስጥ። ልጆቹን ግን «ከዚያ ዛፍ ወዲህ አትምጡ» ብለው ቦታ ያሳዩአቸው፤ ዝም ብሎ «ሂዱ» ማለት አይሠራም፣ መኪናውን በሌላ በኩል ዞረው ይመለሳሉ።

ለመጪው ሹፌር መታየት

አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ። ማታ ከሆነ የጎን መብራቱም ይብራ። የግንባር መብራቱ ግን ይጥፋ፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር አይን ይወስዳል፣ ከመኪናው አጠገብ ያለ ሰውም አይታየውም።

ርቀቱን እንዲህ ያስሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ይሄዳል፤ 33 ሜትር በዚሁ አለቀ። ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም በጠቅላላው ወደ 70 ሜትር፣ እርጥብ ላይ ወደ 90 ሜትር ይፈልጋል። ጭኖ የሚወርድ ሲኖትራክ ወይም ተሳቢ ደግሞ ከዚህ በላይ። ከመኪናው አምስት እርምጃ ላይ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን ማንንም አያድንም። ቀጥ ባለ መንገድ 100 ሜትር፣ ማለትም ወደ 130 እርምጃ ይራቅ። ኩርባ ወይም ጉብታ ካለ የሜትሩ ቁጥር ይቀርና ምልክቱ ከኩርባው በፊት ይቀመጣል፤ ኩርባውን ከዞረ በኋላ የሚያየው ሹፌር ጊዜ የለውም። ቁልቁለት ላይ ከላይ በኩል ያለው ርቀት ይጨመር። መንገዱ ባለ አንድ አንድ ረድፍ ስለሆነ ከፊትም ሌላ ምልክት ያስፈልጋል፤ የእርስዎን መኪና ለማለፍ የሚወጣ መኪና የሚመጣው ከፊት በሚመጣው ሹፌር ረድፍ ነው።

ምልክቱን ሲወስዱ አንጸባራቂ ሰደሪያ ይልበሱ። ሦስት ማዕዘኑን ወደ መጪው መኪና አዙረው ደረትዎ ላይ ይዘው፣ ከአስፋልቱ ውጭ ይሂዱ። ነፋስ እንዳይጥለው እግሩ ላይ ጠጠር ይጫኑበት።

ሦስት ማዕዘን ከሌለ መንገደኛው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት አለ፦ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ። ከረድፉ ዳር ጀምሮ ወደ መሐል እየሰፋ፣ በየ15 እርምጃው አንድ አንድ፣ ሦስት ወይም አራት ቦታ ያስቀምጡ። ድንጋይ መደርደር ግን ይቅር። ድንጋይ ማታ አያንጸባርቅም፣ ጎማ ያፈነዳል፣ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ይገለብጣል። ከሁሉ የሚከፋው መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መቅረቱ ነው። የታኮውም ድንጋይ እንዲሁ ይረሳል፤ ሞተሩ ሲነሳ ሹፌሩ ወደፊት ያወጣዋል፣ ረዳቱም ሮጦ ይሳፈራል፣ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር የተጣለውን ድንጋይና ቅርንጫፍ የሚቆጥር አንድ ሰው በስም ይመደብ። ያ ሰው ቆጥሮ ከቦዩ ማዶ ሳይጥል ማንም አይሳፈር።

በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ዙሪያ ጉም ሲወርድ አንዳንዴ ከ20 ሜትር በላይ አይታይም። ያኔ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት ካልቻሉ መኪናው ውስጥ ሰው አይቀመጥ። በባትሪ መብራት ምልክት የሚሰጠው ሰው ከዳር ቆሞ መብራቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዝ፤ ፊት ላይ አያብራ።

ሞተር ሲሞቅ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች ርቀት መንገዱ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ሞተር የሚፈተነው እዚህ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ። ራዲያተሩ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ይታያል፤ የግፊቱ መጠን ነው፣ የመፍያውንም ነጥብ በ20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሜዳ ላይ ምንም ያልሆነ መኪና ሐረጎ ላይ ይፈላል። ብዙ ሰው ራዲያተር ያሳጥባል፣ ቴርሞስታት ነቅሎ ይጥላል፤ ጥፋቱ ግን ከዚህች ርካሽ ክዳን የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሙቀት ጌጁ ከመሐል አልፎ ሲወጣ ኤሲ ያጥፉ። የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው ፋኑን ይክፈቱ፤ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ማርሽ ቀንሰው፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ መቆሚያ ቦታ ይፈልጉ። እንፋሎት ካልወጣና የፋን ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ሁለት ደቂቃ ያህል ያቆዩት፣ ውሃው ይዘዋወራል። ጌጁ መውጣቱን ከቀጠለ ወይም እንፋሎት ከታየ ወዲያው ያጥፉ።

ከዚያ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ኮፈኑን ከፍተው ይተውት እንጂ ክዳኑን አይንኩ። ላይኛውን የራዲያተር ጎማ በጨርቅ ሲጨብጡት ለስልሶ የሚጠቀጠቅ ከሆነ ግፊቱ ወርዷል፤ ደርቆ እንደተወጠረ ከሆነ ገና ነው። ሲከፍቱ ወፍራም ጨርቅ ደርበው፣ ፊትዎን አርቀው፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው ያቁሙ። ፉጨቱ ሲያበቃ ይጨርሱት።

ውሃ ሲጨምሩ ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ እየሠራ፣ ቀስ በቀስ፣ ግማሽ ሊትር ግማሽ ሊትር እያሉ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መድፋት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል፤ የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት የማጣት ዋጋ ሞተር ማውረድ ይሆናል። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ያውጡ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ወይም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል። ውሃ እየጨመሩ ደሴ ለመድረስ አይሞክሩ፤ ያ መኪና መጎተት አለበት።

ፍሬን ሲግል

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመጣ፣ ወይም ፔዳሉ እንደወትሮው አልይዝ ካለ፣ ቦታ እንዳገኙ ይቁሙ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከድልብ ወደ ወልድያ ሲወርዱ ይህ የሚመጣው በከፍተኛ ማርሽ ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ከመውረድ ነው። በዜሮ ማርሽ የመኪናውና የጭነቱ ክብደት በሙሉ ሸራው ላይ ይወድቃል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ።

ከቆሙ በኋላ በታኮ ይታመኑ። ፍሬኑ ግሎ ሳለ የተሳበ የእጅ ፍሬን መጀመሪያ የያዘ መስሎ በኋላ ሊለቅ ይችላል፤ ያለ ታኮ መኪናውን ትተው አይሂዱ። ውሃ አይድፉበት፤ የፍሬኑ ታምቡር ይሰነጠቃል። 40 ደቂቃ ያህል ይቆዩ፣ እጅዎን ሳያስነኩ ከጎማው አጠገብ አድርገው ሙቀቱን ይፈትሹ። ከዚያ ቀጥ ባለች ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክረው ይቀጥሉ። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል፤ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ ይህ ቁልቁለት ያጋልጠዋል።

ጎማ መቀየር

1. መኪናው ዳገት ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሜዳ ለማግኘት ይጣሩ። ክሪክ ላይ ያለ መኪና በትንሽ ቁልቁለትም ይንሸራተታል።

2. ከሚቀየረው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ በፊትም በኋላም በታኮ ያግዱት።

3. መኪናው መሬት እንዳለ ብሎኖቹን ግማሽ ዙር ያላሉ። በአብዛኛው ወደ ግራ ይፈታል። በብዙ አሮጌ አይሱዙዎች ግን በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈቱት፤ ብሎኑ ጫፍ ላይ የኤል ፊደል ተቀርጾ ከታየ ይህ ነው። ይህን ሳያዩ በቧንቧ እየረገጡ ብሎን የቆረጡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

4. ክሪኩ ሥር 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍራም ጣውላ ያድርጉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ስንጥቅ ካለው ሲጫነው ይከፈላል። የክሪኩ አናት ሻንሲው ላይ ወይም ለክሪክ በተሠራው ቦታ ላይ ይረፍ።

5. ስኮርት (ተጠባባቂ) ጎማውን ቀድመው ከመኪናው ሥር ያስተኙት። ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። የተፈታውን ሲያወጡ ቦታ ያለዋውጧቸው። ሰውነትዎ ከመኪናው ሥር አይግባ፤ እግርም ቢሆን።

6. አዲሱን ሲያስሩ አንዱን ብሎን አጥብቀው ወደ ትይዩው ይዝለሉ። ተራ በተራ በክብ ማጥበቅ ጎማውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። መጨረሻውን መኪናው መሬት ከነካ በኋላ በክንድዎ ጉልበት ያጥብቁ።

7. ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመው ያጥብቁ። ሐይቅ አካባቢ የቀየረ ሰው ውርጌሳ ወይም መርሳ ሲደርስ ወርዶ ይይ።

የስኮርቱን ነፋስ ከከተማ ሳይወጡ ማስለካት እንጂ ገደል አፋፍ ላይ ባዶ መሆኑን ማወቅ አይጠቅምም። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ በከተሞቹ መካከል ግን የለም።

ባትሪ

የቤት መኪና ከአይሱዙ ባትሪ አይነሳ። አይሱዙ ኤንፒአር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው የታሰሩበት 24 ቮልት ነው፤ ኮሮላ ላይ ሲገናኝ ኮምፒውተሩንና ዲናሞውን ያቃጥላል። ከባለ 12 ቮልት መኪና ሲሆን ቀይ ገመድ መጀመሪያ የደከመው ፖዘቲቭ ላይ፣ ቀጥሎ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ ይሰካል። ጥቁሩ የደህናው ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ በደከመው መኪና ከባትሪው ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ። ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ እንዳይገናኝ ነው። በመግፋት ማስነሳት ለማንዋል ብቻ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ግን ይቅር፤ ሞተሩ ካልተነሳ ፍሬንና መሪ ያለ እርዳታ ይዘው መውረድዎ ነው።

ጭስ ከኮፈኑ ሲወጣ

እንፋሎት ነጭ ሆኖ ቶሎ ይበተናል። የፕላስቲክ ወይም የነዳጅ ሽታ ያለው ጥቁር ጭስ እሳት ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ ሰው ሁሉ 50 ሜትር ይራቅ። ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት አየር መመገብ ነው፤ በመጠኑ ብቻ ገርበብ አድርገው ማጥፊያውን ከነበልባሉ ሥር ይርጩ። ባለ 1 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ከ10 ሴኮንድ ገደማ በላይ አይቆይምና አጭር አጭር ይጫኑ። እሳቱ ወደ ነዳጅ ታንከሩ በኩል ካለፈ መኪናውን ይተዉት።

ስልክና ጥበቃ

ሲደውሉ «መንገድ ላይ ነኝ» አይበሉ። ያለፉትን ከተማ፣ የሚቀጥለውን ከተማና የኪሎ ሜትር ድንጋዩን ቁጥር ይናገሩ። የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ኔትወርክ ከሌለ ለሚያልፍ የሕዝብ መኪና ሹፌር መልእክቱን በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ በቃል የተነገረ ቦታ ይዛባል።

ወደ ባቲና ሚሌ ሲወርዱ ሙቀቱ ከባድ ነውና ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር የመጠጥ ውሃ፣ ለራዲያተሩ ደግሞ ለብቻው ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይያዝ። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በሰውና በግመል ይሞላል፤ ምልክቱን የበለጠ ያርቁ። በጋሸናና በደላንታ በኩል ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከመኪናው አይጥፋ።

መጎተት

ገመዱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይሁን፣ መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። የሚታሰረው በመጎተቻ ቀለበቱ ላይ ነው፤ መከላከያው ወይም የመሪ ዘንጉ ላይ ከታሰረ ይነቀላል። የተጎታቹ ቁልፍ በርቶ መሪው የተፈታ ይሁን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ አራቱ ፍሬቻ በርቶ። ጎታቹ በአንደኛ ማርሽ ገመዱን አላልቶ ከዚያ በዝግታ ይወጥር፤ በድንገት ሲወጠር የሚበጠስ ገመድ እግር ይሰብራል፣ ስለዚህ ማንም ገመዱ አጠገብ አይቁም። ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ። አውቶማቲክ መኪና በዜሮ ለአጭር ርቀት ብቻ፤ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ተጭኖ ይሂድ።

ቁልቁለት በገመድ አይወረድም። ሞተሩ የጠፋ ተጎታች ፍሬኑ ደካማ ስለሆነ ጎታቹን ከኋላ ይመታዋል፣ ኩርባ ላይም ወደ ገደል ይወጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ብልሹ መኪና በብረት ዘንግ ይታሰር ወይም በጭነት መኪና ላይ ይጫን። ሁለቱ ሹፌሮች ከመነሳታቸው በፊት ምልክት ይስማሙ፦ አንድ ክላክስ «ቀንስ»፣ ሁለት ክላክስ «ቁም»። ሲነሱም ተጎታቹ ፍሬኑን አስቀድሞ በዝግታ ሞክሮ የሚይዝ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ካልያዘ ታኮው ተመልሶ ይጣልና ገመዱ ይፈታል።